ድመት የሚቀበል ሰው በሩ ላይ ገንዘብ ይጠይቅ ወይ?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ብርሃን ከተማ የተጣሉ ድመቶችን በአንድ ግቢ እየተቀበልን የምናሳድግ ጥቂት ሰዎች ነን። ግቢው የአንዲት እናት ነው፤ እሳቸው ያበስላሉ፣ እኛ ጎረቤቶቻቸው በየተራ እናጸዳለን፣ የጎደለውን እንገዛለን። ሰው ድመቱን በማዳበሪያ ቋጥሮ፣ በካርቶን አድርጎ፣ አንዳንዱም በነጠላው ጠቅልሎ ያመጣል። የሚበሉት ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባ ነው። ሳንባ ዱሮ እንዲሁ ይሰጠን ነበር፣ ዛሬ በኪሎ ይመዘናል። በዚያ ላይ የትል መድኃኒት አለ፣ ክትባት አለ፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ውርጭ የሚሆን ገለባና አሮጌ ብርድ ልብስ አለ።

ሰሞኑን ከመካከላችን አንዱ፣ ድመት የሚያመጣ ሁሉ በሩ ላይ 200 ብር ይክፈል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከልቡ ነው ያቀረበው፤ ከወጪው ብዙውን የሚሸፍነውም እሱ ነው። እኔ ግን እቃወማለሁ። ገንዘብ የተጠየቀ ሰው ድመቱን ይዞ ይመለሳል፤ ወደ ቤቱ ግን ይዞት አይገባም። የከተማችን ወንዝ፣ በሬሳ፣ መንገዱ ላይ ነው።

እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ? ድመት ተቀባይ ከአምጪው ይጠይቅ? ከጠየቀስ ምን ይጠይቅ?

ከዚህ በታች ያለው

ውይይቱ ረዝሞ፣ ዘግይተው የገቡ ሰዎች ምን ምን እንደተባለ ስለጠየቁኝ፣ የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው ተራ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። አስተያየቴንም እየጨመርኩ ነው፤ ጉዳዩ የእኔም ጉዳይ ነውና።

መልስ 1። ከደብረ ሲና አንድ መምህር ናቸው። ሥራችንን መርቀው፣ ግቢው ለሆነው እናት ዕድሜ ተመኝተው ከጀመሩ በኋላ ክፍያውን ደገፉ። የእሳቸው ነጥብ፣ ሰው ያልከፈለበትን ነገር አያስብበትም የሚል ነው። ሰፈራቸው ውስጥ ድመቷ በወለደች ቁጥር ልጆቹን ለሌላ ሰው እያሸከመ እሷን ግን ለማስመከን የማያስብ ጎረቤት እንዳለ ጽፈዋል። 200 ብሩ ቅጣት ሳይሆን ማስታወሻ እንደሚሆን ነው ያስረዱት። በጨዋነት የተጻፈ፣ ሊናቅ የማይገባው መልስ ነው።

መልስ 2። አጭር ነው። ከመልስ 1 ጋር ተስማምቶ፣ የሌለው ሰው ግን በነፃ ይስተናገድ አለ። ሰው ድሃ መሆኑን በር ላይ ቆሞ የሚመረምረው ማን እንደሆነ ግን አልጻፈም። ያንን ሥራ እኔ አልሠራውም፤ የግቢዋ እናትም አይሠሩትም።

መልስ 3። አሜሪካ ኖራ አሁን አዲስ አበባ የተመለሰች እህት ናት። እዚያ ብዙ መጠለያዎች ባለቤቱ ራሱ ድመቱን ሲያስረክብ ክፍያ እንደሚጠይቁ፣ ከመንገድ የተገኘ ድመት ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደማይጠይቁ አስረዳች። ውጤቱም ሰው መዋሸት መጀመሩ ነው። ስድስት ዓመት አልጋው ላይ ያስተኛትን ድመት በሩ ላይ ሲደርስ መንገድ ላይ አገኘኋት ይላል። ከውሸቱ ጋር የድመቷ ዕድሜ ይጠፋል፣ የተከተበችበት ጊዜ ይጠፋል፣ ልጅ ትቧጥጥ እንደሆነ አይታወቅም። እህታችን ክፍያን ሙሉ በሙሉ አልተቃወመችም፤ ውሸቱ ግን ከምንሰበስበው ገንዘብ የበለጠ ወጪ እንደሚያስከትል አስጠነቀቀች።

መልስ 4። ከሁሉም የረዘመውና ደጋግሜ ያነበብኩት ይህ ነው። የጻፉልን በዚሁ በዞናችን የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ የዕለት ሥራቸው በግና ከብት ቢሆንም ስለ ድመት የሚያውቁትን አልሰሰቱም።

መጀመሪያ ያነሱት የእብድ ውሻ በሽታን ነው። በአገራችን በሽታውን በዋናነት የሚያስተላልፈው ውሻ ነው፤ በታመመ ውሻ የተነከሰች ድመት ግን እሷም ታስተላልፋለች። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ድመት ስንቀበል ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ውሻ ነክሷት ያውቃል ወይ፣ ሰው ነክሳ ወይም ቧጥጣ ታውቃለች ወይ፣ መቼ የሚለው ነው። ሰው የነከሰች ድመት 10 ቀን ተይዛ ጤነኛ ሆና ከቆየች፣ በነከሰችበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈችም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀኑን አይጠብቅም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ሁለተኛው የድመቶች የራሳቸው በሽታ ነው፤ ፓንሉኮፔኒያ ይባላል። የድመት ልጆችን በትውከትና በተቅማጥ በጥቂት ቀን ይጨርሳል። ቫይረሱ በወለልና በዕቃ ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። አዲስ የመጣች ድመት ከሌሎቹ ተለይታ 14 ቀን መቆየት እንዳለባት፣ ክፍሉም 1 እጅ በረኪና በ32 እጅ ውኃ ተበጥብጦ መታጠብ እንዳለበት መከሩን። ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት ነጥብ ውይይቱን ያዞረው ይመስለኛል። የጠበበን ቦታ ነው። አንድ ሰው 200 ብር ቢከፍል ለይቶ ማቆያ ክፍል አይፈጠርለትም። እሳቸው ክፍያ ከመጠየቅ ተራ መስጠትን መረጡ፤ ሰው አስቀድሞ ይደውል፣ ቦታ ሲገኝ ያምጣ።

እዚህ ላይ የእኔን ልጨምር። መልስ 3ንና መልስ 4ን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ክፍያውን ሊደግፍ የሚችል አይመስለኝም። በሩ ላይ ከሚመጣው ሰው የምንፈልገው እውነቱን ነው። ድመቷን ባለፈው ሳምንት የማይታወቅ ውሻ ነክሷት ከሆነ፣ ያንን የሚያውቀው ያመጣት ሰው ብቻ ነው። ክፍያ ፈርቶ መንገድ ላይ አገኘኋት ካለን፣ ድመቷን በባዶ እጃቸው የሚያጥቡት እናት ምን እንደያዙ አያውቁም። ለ200 ብር ብለን የሰው አፍ መዝጋት የለብንም።

መልስ 5 ዶክተሩን በአክብሮት አረመ። ቆሻሻው ቀድሞ በሳሙና ካልታጠበ በረኪናው ብቻውን እንደማይሠራ አስታወሰ። ዴቶል ድመት ባለበት እንዳይነካም አስጠነቀቀ፤ የድመት ጉበት እንዲህ ያለውን ኬሚካል ማጣራት ስለማይችል እግሯን ስትልስ ትመረዛለች። ዶክተሩ በመልስ 6 አመስግነው ተቀበሉት። ደብረ ብርሃን ያለ ቤት ሁሉ ዴቶል አለው፤ ይህን አንድ ነገር ብቻ ያነበበ ሰው ተጠቅሟል።

መልስ 7። የሥጋ ቤት ባለቤት ነው። ሳንባ መሸጥ የጀመረው ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች ስለበዙ መሆኑን ገልጾ፣ በጾም ወራት ሱቁ ሲዘጋ ድመቶቹ ምን እንደሚበሉ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ በብዙው ቤት ከማዕድ የሚተርፍ ሥጋም ወተትም የለም፣ ሥጋ ቤቱም ዝግ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው ድመት የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ጾም ዞረ። መልስ 8 ላይ አንድ ዲያቆን፣ በጾመ ነነዌ ታሪክ እንስሳቱም መጾማቸውን አነሣ። መልስ 9 በቁጣ መለሰለት፤ የነነዌው የ3 ቀን ንስሐ እንደሆነና ድመትን ሁለት ወር በሽሮ ማቆየት ጾም ሊባል እንደማይችል ተከራከረ። ዲያቆኑ መልስ 10 ላይ ድመት ትጹም እንዳላለ አብራርቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዕንቁላል የሚለግስ ካለ ራሱ እየዞረ እንደሚሰበስብም ቃል ገባ። መልስ 11 ላይ ዶክተሩ ተመልሰው፣ ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ እንደሆነ፣ እሱን ለረጅም ጊዜ ያጣች ድመት ዓይኗም ልቧም እንደሚጎዳ አስረዱ። የላም ወተት ደግሞ የብዙ ድመቶችን ሆድ ያበላሻል። ለድመት ልጅ ወተት ስጡ እየተባልን ላደግን ሁሉ ይህ ሊነገረን ይገባ ነበር።

መልስ 12 ሻካራ ነው። ከተማችን ከየአካባቢው የተፈናቀለ ሰው ተጠልሎባት ሳለ ስለ ድመት ክፍያ መከራከር ነውር መሆኑን ጻፈ፤ የተጠቀመባቸውን ቃላት አልደግማቸውም። ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ቃል መለሱለት። እኔ ዝም ያልኩት መልስ የሚሰጠው ሌላ ሰው እንዳለ ስለተሰማኝ ነው፤ መጣም።

መልስ 15 የጻፈችው ራሷ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን የምትኖር እናት ናት። በእኛ ስም አትከራከሩ ነው የመልእክቷ ፍሬ ነገር። በሚኖሩበት መጠለያ አይጥ የእርዳታ ስንዴውን ጆንያውን እየቀደደ እንደሚጨርሰው፣ ልጆች ተኝተው አይጥ እንደሚሄድባቸው ገልጻ፣ ጤነኛ ድመት ብናገኝላቸው ብዙ ቤተሰብ በደስታ እንደሚቀበል ነገረችን። የመልስ 12 ጸሐፊ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ አልጻፈም። እኛ በዚያው ሳምንት የተከተቡ ድመቶች ወሰድንላቸው።

መልስ 16። ከእነዋሪ፣ ከሞረትና ጅሩ ገበሬ ናቸው። የጅሩ ስንዴና ጤፍ ጎተራ ከገባ በኋላ ትልቁ ጠላቱ አይጥ መሆኑን ተርከው፣ አይጥ የምትይዝ ድመት የሚሰጣቸው ካለ በእህል ለመክፈል ዝግጁ መሆናቸውን ጻፉ። እሳቸው ነገሩን ገለበጡት፤ አምጪው ለምን ይከፍላል፣ ወሳጁ ይክፈል እንጂ ነው ያሉት። ብዙ ሰው በዚህ ተደሰተ፤ እኔም ጭምር።

መልስ 17 ግን ደስታውን ገታው። እዚያው አካባቢ የግብርና ባለሙያ የሆነች ሴት፣ ጎተራ ያለበት አገር የአይጥ መርዝም ያለበት አገር መሆኑን አስታወሰችን። መርዙን የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ ፈዝዞ ሲንቀሳቀስ ድመቷ በቀላሉ ትይዘዋለች፣ እሷም ትመረዛለች። ድመት የሚወስድ ገበሬ መርዝ ማስቀመጥ ማቆም እንዳለበት፣ የጎረቤቱንም መጠየቅ እንዳለበት መከረች። ገበሬው በመልስ 18 ይህን እንደማያውቁ፣ አምና የሞተችባቸው ድመት በዚህ ሳትሆን እንዳልቀረች ጽፈው መርዙን ለመጣል ተስማሙ።

መልስ 19። ከሸዋ ሮቢት አንድ ወንድም፣ በእስልምና ድመት ንጹሕ መሆኗን፣ አስራ ያስራበቻት ሴትም እንደተቀጣች ከሼሆቹ ሲሰማ ማደጉን አካፈለን። ከዚያ ያነሣው ነጥብ ለእኔ አዲስ ነበር። ድመትን መሸጥ ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ፤ የሚከለክሉ አሉ፣ የሚፈቅዱም አሉ። ስለዚህ ከወሳጁ የሚወሰደው እህል የድመቷ ዋጋ ሆኖ እንዳይታይ፣ ለክትባትና ለምግብ የሚሆን መዋጮ መሆኑ አስቀድሞ በግልጽ እንዲነገር ጠየቀ። ይህን ተቀብለናል።

መልስ 20 ላይ ጠቡ ተነሣ። አንድ ሰው፣ አይጥ ሞልቶ በተረፈበት ቦታ ድመቶቹን ለምን አንለቃቸውም በማለት መንዝ ጓሳን ጠቆመ። ጓሳ አቅራቢያ ካለችው ከመሐል ሜዳ ከተማ ተከታትለው የመጡት መልሶች፣ ከ21 እስከ 24፣ የሚያቃጥሉ ነበሩ። ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ ያለ፣ የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጋራ ደንብ፣ ድሮ ቄሮ ይባል በነበረው ባህላዊ የመሬት አጠባበቅ ሥርዓት፣ ሲጠብቀው የኖረ የሣር ምድር ነው። እዚያ ያለው አይጥ የቀይ ቀበሮ ቀለብ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በዓለም ላይ ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም። ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ሲጨርስ ታይቷል፤ ያልተከተበ ድመት ማምጣት በዚያ ላይ መጨመር ነው። መልስ 23 የዱር ድመትንም አነሣ፤ የቤት ድመት ከእሷ ጋር ስለሚዳቀል የዱሯ ዘር ይጠፋል። የመልስ 20 ጸሐፊ በደንብ ተሰደበ። ስድቡን አልደግፍም፤ ክልከላውን ግን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ማንም ሰው ድመት ይዞ ወደ ጓሳ አይሂድ።

መልስ 25 ወደ ጥያቄው መለሰን። የደብረ ሲናው መምህር ናቸው። መልስ 4ን ካነበቡ በኋላ የበሩን ክፍያ እንደተዉት፣ ነገር ግን ልጆቹን እያመጣ እናቲቱን ቤቱ የሚያስቀር ሰው ያለ አንዳች ግዴታ መሄድ እንደሌለበት ጻፉ። አኃዙም ይደግፋቸዋል። ሴቴ ድመት ከ4 ወሯ ጀምሮ ልትፀንስ ትችላለች፣ እርግዝናዋ ሁለት ወር ያህል ነው፣ ልጆቿን እያጠባችም ትፀንሳለች። አውሮፓ ውስጥ ቀኑ ሲያጥር የሚያርፉበት ወቅት አለ፤ በእኛ አገር ግን ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለያይ ማረፊያ የላትም። እሳቸው ያቀረቡት፣ ልጆቿን ስንቀበል እናቲቱም እንድትመጣና እንድትመክን፣ ከማስመከኛው ወጪም ባለቤቱ አቅሙ የቻለውን እንዲጋራ ነው። ከተራ ክፍያ ይህ በብዙ ይለያል፤ ገንዘቡ የሚሄደው ነገ የሚወለደውን ለማስቀረት ነው።

መልስ 26 ጥርጣሬ ነው፤ ከመምህሩ ጽሑፍ ቀጥሎ መምጣቱ አሳዘነኝ። ገንዘቡ ማን ኪስ እንደሚገባ፣ ለምን ደረሰኝ እንደሌለ ጠየቀ። አጠያየቁ ቢጎመዝዝም ጥያቄው መልስ ይገባዋል፤ በመልስ 27 እኔ መለስኩ። በሩ ላይ ገንዘብ አንቀበልም። የምንቀበለው በዓይነት ነው፦ ሳንባ፣ ዕንቁላል፣ ገለባ፣ በረኪና፣ ብርድ ልብስ። ለማስመከኛና ለክትባት የሚከፈለውን ባለቤቱ በቀጥታ ለክሊኒኩ ይከፍላል፣ ደረሰኙም የእሱ ነው። ማን ምን እንዳመጣ በየወሩ እዚሁ እጽፋለሁ። የ200 ብሩን ሐሳብ ያቀረበው ወንድማችንም አንብቦ በዚህ ተስማምቷል፤ ሸክሙ ከእሱ ላይ እንዲቀል ነበር የፈለገው፣ ቀለለትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን መልስ 28 ላይ የሥጋ ቤቱ ባለቤት ጻፈልን፤ ከጽሑፉ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ሳንባ በነፃ ለመስጠት ቃል ገብቷል።

መልስ 29 በድመት ፀጉር አስም ይይዛል ወይ የሚል ከጉዳዩ የወጣ ጥያቄ ነው፤ ዶክተሩ ቀድሞ አስም ያለበትን ሰው ሊያባብስበት እንደሚችል ነግረው ወደ ሰው ሐኪም መሩት። መልስ 30 ምስጋና ብቻ ነው።

መልስ 31 ከዓለም ከተማ የመጣ ነው። ተከራይታ የምትኖር ወጣት፣ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ድመት እንደወለደች፣ ልጆቹ ገና ዓይናቸውን እንዳልገለጡ፣ አከራይዋ እስከ እሑድ አውጪልኝ እንዳሏት ጽፋ ስንት እንደምንቀበል ጠየቀች። የመለስኩላት ይህን ነው። እህቴ፣ ምንም አትከፍዪም። ልጆቹ 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይለዩ፤ ስትመጪ ሁሉንም አንድ ላይ ነው። ውሻ ነክሷት እንደሆነ፣ አንቺንም ቧጥጣሽ እንደሆነ ሳትሸሽጊ ንገሪኝ፤ ቧጥጣሽ ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ለይቶ ማቆያው የሚለቀቀው በሚመጣው ሳምንት ስለሆነ ያኔ ተራው ያንቺ ነው። አከራይሽ እስከዚያ ካልታገሡሽ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ደውዬ እለምናቸዋለሁ።